ቀልብ በስልክ ዘመን፦ ሐሳብ እንዴት ይባዝናል፣ እንዴትስ ይመለሳል?

ደብረ ማርቆስ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ ተማሪ የፊዚክስ ወርክሺት ለማውረድ ቴሌግራም ይከፍታል። ወርክሺቱ የተለቀቀበት ቻናል ታች ነው፤ ከላዩ ያልተነበበ መልእክት የተቆለለባቸው አምስት ስድስት ግሩፖች አሉ። አንዱን ነካ ያደርጋል። ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው የላከው የቲክቶክ ሊንክ አለ። አርባ ደቂቃ ያልፍና ስልኩን ሲያስቀምጥ ወርክሺቱ አልወረደም፤ መጀመሪያ ስልኩን ለምን እንዳነሣውም ለአፍታ ይጠፋዋል። እናቱ «ቀልቡን ስልኩ ወስዶታል» ትላለች፤ አባቱ ስንፍና ነው ይላል። ልጁም ውሎ አድሮ ራሱን ሰነፍ ነው ብሎ ማመን ይጀምራል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ሐሳቡ ከመንገዱ እንደወጣ ልብ ማለት። ልብ ቢል ኖሮ በሦስተኛው ደቂቃ ይመለስ ነበር። ይህ ችሎታ ይለመዳል። እንዴት እንደሚለመድ፣ ልምምዱን ለማገዝስ ስልኩ እንዴት እንደሚስተካከል ቀጥለን እናያለን። የምርምሮቹ ዓመተ ምሕረት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐሳብን የሚስበው ምንድን ነው?

ተመራማሪዎች ትኩረትን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው እኛ ፈቅደን የምናቀናው ነው፤ ተማሪው «ይህን ጥያቄ ልሥራ» ብሎ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ። ሁለተኛው ከውጭ የሚጠራን ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ የሰው ፊት፣ የራሳችን ስም። ሁለተኛው ፈቃድ አይጠይቅም። አደጋ ከየት እንደሚመጣ በማይታወቅበት ኑሮ ነፍስ ያተረፈ ሥርዓት ስለሆነ ፈጣን ነው። የስልክ ማሳወቂያ ድምፁንም፣ ንዝረቱንም፣ ስሙንም፣ ምስሉንም አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ጥሪው ከመጣ በኋላ «አልሰማም» ብሎ መታገል አድካሚ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ እንዳይመጣ ማድረግ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላው ነገር የአእምሮ መያዣ ጠባብነት ነው። በአንድ ጊዜ በሐሳባችን ይዘን ልንሠራባቸው የምንችላቸው ነገሮች ሦስት ወይም አራት ያህል ብቻ ናቸው። አንድ ጠንካራ የፊዚክስ ጥያቄ ብቻውን ቦታውን ይሞላዋል፦ የተሰጠው፣ የተጠየቀው፣ ቀመሩ፣ የተደረሰበት ደረጃ። መልእክት ለማየት ዘወር ሲባል ይህ ሁሉ ይበተናል፤ ሲመለሱ ከ«ተሰጥቷል» ጀምሮ እንደገና መሰብሰብ ነው። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዞር የትኩረታችን ክፋይ ከፊተኛው ጋር ይቀራል። መልእክቱን ካየ በኋላ መጽሐፉን የያዘው ተማሪ ገጹን እያነበበ በከፊል ገና ግሩፑ ውስጥ ነው።

ግሎሪያ ማርክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪ ሰዎች በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ወደ ሌላ ሳይዞሩ የሚቆዩበትን ጊዜ ለዓመታት ለክተዋል። በ2004 በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ከሥራቸው እጅግ ጠቃሚ የምንለው ግን ሌላኛው ግኝት ነው፦ ከመቋረጦቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ማንም ሳይጠራቸው ሰዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ትተው የሄዱባቸው ናቸው። ማሳወቂያ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል ማለት ነው። ስልኩን ማስተካከል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

እጅ ለምን ይሄዳል? በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ምርምር ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቃቁት ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ እንደሆነ ታይቷል። ሽልማቱ የሚጠበቅ ሲሆን በሽልማቱ ጊዜ የተለየ መነቃቃት አያሳዩም። ከዚያ በፊትም ስኪነር የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር ርግቦች እህል መቼ እንደሚወርድ በማያውቁበት ጊዜ ቁልፏን ሳይታክቱ እንደሚነቁሩ አሳይተዋል። ቲክቶክን ወይም ፌስቡክን ወደ ታች ሲስቡ የሚሆነው ይኸው ነው። ዘጠኙ ቪዲዮ ተራ ነው፤ አሥረኛው ያስቃል ወይም ያስደነግጣል፤ አሥረኛው የትኛው እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። በዚህ ላይ ማለቂያ የሌለው ገጽ አለ። አዛ ራስኪን የተባሉ ዲዛይነር በ2006 የሠሩት ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት ገጽ ያልቅ ነበር፤ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ይጠይቅ ነበር። ያቺ ትንሽ መቆሚያ ሰው «በቃኝ ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅባት ቦታ ነበረች።

በየገጹ ስለሚዞሩ ሁለት አባባሎችም እናንሣ። አንደኛው «የሰው ትኩረት 8 ሰከንድ ብቻ ሆኗል፣ ከወርቃማ ዓሣ አንሷል» የሚለው ነው። ይህን ቁጥር የሚደግፍ ጥናት የለም፤ ሰው ደስ ያለውን ነገር ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ይከታተላል። ሁለተኛው ዶፓሚንን በጾም «ማጽዳት» ይቻላል የሚለው ነው። ዶፓሚን ለመንቀሳቀስም ለመማርም የሚያስፈልግ የሰውነት ንጥረ ነገር እንጂ የሚጠራቀም ቆሻሻ አይደለም። በዐቢይ ጾም ከፌስቡክ ርቆ 55ቱን ቀን የሚቆይ ሰው መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን ከፋሲካ ማግስት አፑ በቦታው፣ ማሳወቂያው ክፍት፣ ስልኩ ትራሱ ሥር ከሆነ በሳምንት ውስጥ ወደ ድሮው ይመለሳል። የተለወጠ ነገር የለምና።

የሚለመደው መመለስ ነው

በ2010 ኪሊንግስዎርዝና ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በቀን በተለያየ ሰዓት በስልካቸው «አሁን ምን እየሠሩ ነው? ሐሳብዎስ የት ነው?» እያሉ ጠየቁ። 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ነበር። የሐሳብ መባዘን እንግዲህ ከተፈጥሯችን ነው፤ ሶሻል ሚዲያ ለባዘነው ሐሳብ የማያልቅ ማረፊያ ሰጠው እንጂ አልፈጠረውም።

በ2012 ዌንዲ ሃዘንካምፕና ባልደረቦቿ ትንፋሻቸውን በልባቸው የሚከታተሉ ሰዎችን በአንጎል መቅረጫ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው፣ ሐሳባቸው መሄዱን ባወቁ ቁጥር አንድ ቁልፍ እንዲጫኑ አደረጉ። ከዚህ አራት ደረጃ ያለው ዑደት ወጣ፦ ሐሳብ ይሄዳል፤ መሄዱ ይታወቃል፤ ትኩረት ይዞራል፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ይጸናል። በየደረጃው የሚሠራው የአንጎል ክፍል የተለያየ ነው። ለልምምድ ትልቁ ቁም ነገር ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሐሳብ መሄዱ እስካልታወቀ ድረስ ፈቃድ የሚባል ነገር ሥራ የለውም፤ ሰው ያላወቀውን ስህተት አያርምም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡ ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ የመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ለምዷል። ልምምዱ «አልሆነልኝም» ብሎ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው።

ይህን ልምምድ በሕክምና ቤት ያስገቡት ጆን ካባትዚን ናቸው፤ በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ጀመሩ። መነሻው የቡድሂስቶች ተመስጦ ነው፤ እሳቸው ሃይማኖቱን ትተው የትኩረቱን ልምምድ ወሰዱ። ጎጃም ውስጥ «ይህ ነገር ከእምነቴ ይጋጫል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ትንፋሽን ልብ ማለት የማንንም ስም መጥራት አይጠይቅም። ያም ሆኖ ደስ ካላለዎት ያንኑ ልምምድ በጸሎትዎ ላይ ማድረግ ይችላሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ችግሩን ያውቀዋል፦ አፉ መዝሙሩን ይዘልቃል፣ ልቡ ግን ገበያ ወርዶ ይመለሳል። አንድ መዝሙር ብቻ ይያዙ፤ ልብዎ መሄዱን ባወቁበት ቃል ላይ ያቁሙ፤ ከዚያው አንቀጽ ራስ ይጀምሩ። የሚሠራው የአእምሮ ሥራ አንድ ነው።

ከልክ በላይ ተስፋም አንስጥ። በ2014 47 ሙከራዎችን ከ3,515 ተሳታፊዎች ጋር የፈተሸ አንድ ሰፊ ግምገማ ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አገኘ፤ ትኩረትን ያሻሽላል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ የምንመክረው ልምምዱን ብቻውን አይደለም። መመለስን መልመድ፣ የስልክን አቀማመጥ መለወጥና የሥራን አደረጃጀት ማስተካከል አብረው ሲሄዱ ነው ለውጥ የሚታየው።

የቅኔ ቤት ያቆየልን

ስለ ሥራ አደረጃጀት ለመማር ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የታወቁበት የቅኔ ትምህርት ከትኩረት አንጻር ሲታይ እጅግ የረቀቀ ሥርዓት ነው። ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለቱን ቤት መምታት፣ ዜማውን መጠበቅ፣ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት ሲችል ወደ ሦስት ቤቶቹ ያልፋል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ይህንን ሁሉ በግእዝ፣ ያለ ወረቀት፣ በልቡ ይዞ ይሠራዋል። ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ለማዘጋጀት፣ ሲወጣ ከጓደኞቹ ይለያል፤ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ብቻውን ይቀመጣል። ሲመለስ ነገራ አለ፦ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል፣ የተሰበረው ቤት እዚያው ይታረማል።

ስምንት ቤት በልብ መያዝ ቀደም ብለን ካልነው የሦስት አራት ነገር ወሰን ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። በልምምድ ብዛት ብዙ ቃል እንደ አንድ ነገር ተጠቃልሎ ይያዛል፤ ለጀማሪው ሦስት ነገር የሆነው ለመምህሩ አንድ ነው። ወደዚያ የሚደረሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት በመሞከር አይደለም።

ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፣ ሪፖርት የሚጽፍ ሠራተኛ ከዚህ የሚወስደው ብዙ ነው። መጠኑን አሳንሶ መጀመር አንዱ ነው። ሳያቋርጡ ሁለት ሰዓት ለማጥናት የሚነሡ ብዙዎች በሃያኛው ደቂቃ ይሸነፋሉ፤ ሽንፈቱም ራሱ ልማድ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት ይያዙ። ከአምስት ሙከራ አራቱን ስልክ ሳይነኩ ከዘለቁ ወደ 20 ከፍ ያድርጉ፤ ካልዘለቁ ወደ 10 ይውረዱ። ለአብዛኛው ሰው 40 ወይም 45 ደቂቃ በቂ ጣሪያ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ስልክ አይከፈትም፤ አምስት ደቂቃው አርባ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ይነሡ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ደጅ ወጥተው ሩቅ ነገር ይዩ።

ቦታ መለየት ሁለተኛው ነው። ቴሌቪዥን የተከፈተበት ሳሎን ውስጥ ትኩረት ማሠልጠን ለጀማሪ አይሆንም። ቤቱ ጠባብ ከሆነ የቤተ መጻሕፍት ጥግ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ማለዳ 11 ሰዓት የቤቱ ሰው ሳይነሣ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሦስተኛው ሰሚ ማግኘት ነው። በሰዓቱ መጨረሻ ያጠናውን በሁለት ደቂቃ የሚያሰማው ጓደኛ ያለው ተማሪ ሐሳቡ በባዘነ ቁጥር የሚጠራው ነገር አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዘመኑ ምርምር እንጨምር። ከጎንዎ ባዶ ወረቀት ያኑሩ። በሥራ መካከል «ለእከሌ ልደውል»፣ «ያ ዋጋ ስንት ነበር?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ በሦስት ቃል ጽፈው ይለፉት፤ ስልኩን ማንሣት የሚያስፈልግ ከሆነ በዕለቱ ሥራ ማብቂያ ይደርስለታል። ሥራውን አቋርጠው ሲነሡም «የደረስኩት እዚህ ነው፣ ቀጥሎ የምሠራው ይህን ነው» ብለው አንድ መስመር ይጻፉ። ቅድም ያልነው የፊተኛው ሥራ ቅሪት በዚህች አንድ መስመር ይቀንሳል።

አሥር ደቂቃ በቀን

ልምምዱ ራሱ ቀላል ነው። ጠዋት ስልክ ከመከፈቱ በፊት ያድርጉት፤ ስልኩ ከተከፈተ በኋላ አእምሮ አስቀድሞ ተወስዷል። ወንበር ወይም መደብ ላይ እግርዎን መሬት አስነክተው፣ ጀርባዎን ሳይደገፉ ይቀመጡ። ዓይን መከደን ወይም ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ መሬት ማየት ይቻላል። ትንፋሽ ይበልጥ የሚሰማዎትን አንድ ቦታ ይምረጡ፤ የአፍንጫ ጫፍ ወይም ሆድ፤ በመካከል አይቀያይሩ። ትንፋሹን አያስረዝሙት፣ አያሳጥሩት፤ እንደመጣ ይተውት። ሲወጣ አንድ፣ ቀጥሎ ሲወጣ ሁለት፣ እስከ አሥር። ከአሥር ወደ አንድ ይመለሱ። ቁጥሩ ከጠፋዎት ወይም ሐሳብ መሄዱን ካወቁ፣ የት እንደሄደ በልብዎ በአንድ ቃል ይሰይሙት፤ «ዕቅድ»፣ «ንዴት»፣ «ትዝታ»። ከዚያ ከአንድ ይጀምሩ። የሰዓት ማስታወቂያውን ስልክ ላይ ካደረጉ በአውሮፕላን ሁኔታ አድርገው ከእጅ ያርቁት።

የሚያጋጥሙ ችግሮች ይታወቃሉ። ብዙው ሰው ሐሳብን ማጥፋት የሚጠበቅበት ይመስለውና በሁለተኛው ቀን ይተወዋል፤ የሚጠበቀው መሄዱን ማወቅ ብቻ ነው። አንዳንዱ በኃይል እየሳበ ይተነፍስና ጭንቅላቱ ይዞርበታል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል። ከመጠን በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው፤ ትንፋሹ ወደ ራሱ ልክ ሲመለስ ይጠፋል። የሚያንቀላፋ ሰው ዓይኑን ይክፈት ወይም ቆሞ ይሥራ፤ በየቀኑ የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን የጎደለው እንቅልፍ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ያሟላ። ቆጠራው በራሱ እየሮጠ 17 ላይ ሲደርስ ልብ የሚሉ አሉ፤ እነሱ ከአሥር ወደ አንድ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በራሱ የሚናደድ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ባዝኗል፤ አንዱ መሄዱ፣ ሌላው ንዴቱ። ንዴቱንም «ንዴት» ብሎ ሰይሞ ወደ አንድ መመለስ ነው፤ እርሻ ላይ በሬው ከትልሙ ሲወጣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ እንደማይሄድ ሁሉ።

አንድ ጉዳይ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። በግጭት ያለፉ፣ ሰው የሞተባቸው፣ የተኩስ ድምፅ እስከ አሁን የሚያስደነግጣቸው ሰዎች ዓይናቸውን ከድነው በጸጥታ ሲቀመጡ ያ ትዝታ በኃይል ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ መታገስ ጀግንነት አይደለም፤ ያቁሙ። ዓይን ተከፍቶ፣ የእግር መዳፍ መሬቱን ሲነካ የሚሰማውን ወይም ከውጭ የሚሰማ ድምፅን ልብ እያሉ በቀስታ መራመድ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ለሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ። እንቅልፍ የሚነሣ ቅዠት፣ ድንጋጤ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ጉዳዩ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነው። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ አለ።

ልምምዱን ወደ ውሎ ለማስገባት ከቡና የተሻለ ቦታ የለም። አቦል እስኪጠጣ ድረስ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ስልኩን በአንድ ሰፌድ ላይ ፊቱን ደፍቶ ያኑር። የሚያስቸግረው ቡናው ሲቆላ ያለው ጊዜ ነው፤ ወሬው ገና አልደራም፣ እጅ ሥራ ፈትቷል። ያኔ እጅ ወደ ሰፌዱ ሲያመራ ልብ ማለት ከአሥር ደቂቃ መቀመጥ የማይተናነስ ልምምድ ነው።

ስልኩን ማስተካከል

ሁሉን ማሳወቂያ ማጥፋት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ማሳወቂያ ጨርሶ የቀረባቸው ሰዎች ጭንቀታቸው እንደጨመረ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተጠቃሎ የደረሳቸው ግን እንደተሻላቸው አሳይቷል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ሰው ራሱ የሚልክልዎ ነገር ይቆይ፤ ማሽን የሚልከው ይጥፋ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ገብተው ኖቲፊኬሽን የሚለውን ይክፈቱ፤ ቲክቶክን፣ ፌስቡክን፣ ዩቲዩብን፣ ጌሞችን አንድ በአንድ ይዝጉ። ባለ ሱቅ ከሆኑ አጭር መልእክት አይዝጉ፤ የቴሌብርና የባንክ ገቢ ማረጋገጫ የሚመጣው በእሱ ነው። ብዙ ነጋዴ «እኔ ስልክ መዝጋት አልችልም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እውነትም አለው። ነገር ግን የብሩን መልእክት ለማየት በተነሣ ስልክ ላይ የፌስቡክ ጥሪ ካልታየ ስልኩ በአምስት ሰከንድ ይመለሳል።

ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ተጭነው ይቆዩና ሚዩት ያድርጉት፣ ከዚያ ወደ አርካይቭ ይውሰዱት። ሚዩት የሆነ ነገር አርካይቭ ውስጥ ሲገባ አዲስ መልእክት ቢመጣም ወደ ላይ አይወጣም። ሚዩት ሳያደርጉ አርካይቭ ካስገቡት ግን ተመልሶ ይወጣል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ቻናሎችን ብቻ ከላይ ፒን ያድርጉ። «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋትም ጥቅሉን ያተርፋል። ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወት ማድረግ ይቻላል። ቲክቶክ ውስጥ ስክሪን ታይም የሚል አለ፤ የቀን ገደብ ሰጥተው ባለ አራት አኃዝ የማለፊያ ቁጥሩን ወንድምዎ ወይም እኅትዎ እንዲያስገቡት ያድርጉ። ቁጥሩን ራስዎ ካወቁት ገደቡ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ስንት ደቂቃ? በ2018 የታተመ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 143 ተማሪዎችን ይዞ፣ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን ለየአንዳንዳቸው በቀን 10 ደቂቃ የገደቡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቸኝነታቸውና ድብርታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በቀን ሦስት ሰዓት ለሚቆይ ሰው ግን በአንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ላይ መውረድ አይያዝም፤ በየሳምንቱ በሩብ መቀነስ ይሻላል።

ሌሊቱ የብዙ ሰው ደካማ ሰዓት ነው፤ የሌሊት ጥቅል ርካሽ መሆኑም ይገፋዋል። ስልኩ ራስጌ የሚያድረው ደግሞ ለሦስት ነገር ነው፦ ለመቀስቀሻ፣ መብራት ሲጠፋ ለባትሪ፣ መብራት ሲመጣ ለመሙላት። ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓትና የእጅ ባትሪ ከገዙ ስልኩ ሌላ ክፍል ሊያድር ይችላል። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ሰው ተነሥቶ መሄድ የሚጠይቅ ቦታ ይበቃል፤ በሩ አጠገብ፣ መደርደሪያ አናት ላይ። ስልክ ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ብቻውን የማሰብ አቅምን ይቀንሳል ያለ የ2017 ጥናት አለ፤ በኋላ የተደገሙት ውጤታቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ በእሱ ላይ አንመሠረትም። ሦስት እርምጃ መራመድ ግን ልብ ለማለት ጊዜ ይሰጣል፤ የራቀበት ምክንያት ይህ ነው።

ዜና በሚያስጨንቅበት ጊዜ

እስከ አሁን ያልነው ሁሉ ስልኩን በጨዋታ ለሚያነሣ ሰው ይመስላል። ጎጃም ውስጥ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሰው ስልኩን የሚያነሣው በጭንቀት ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል ወይ? እናቴ ያለችበት ቀበሌ ደህና ነው ወይ? ይህን ሰው «ስልክህን ተው» ማለት አይገባም። አደጋን መከታተል የአእምሮ ትክክለኛ ሥራ ነው። ችግሩ ፌስቡክና ቴሌግራም ለዚህ ሥራ የሚመቹ አለመሆናቸው ነው። የቆየ ቪዲዮ እንደ ዛሬ ይለጠፋል፣ የሌላ ቦታ ምስል የእኛ ከተማ ተብሎ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ልጥፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከፍታል። አንድ ሰዓት አንብቦ የሚነሣው ሰው ስለ እናቱ ያወቀው ነገር የለም፤ ልቡ ግን ይመታል።

የሚሻለው ጥያቄውን መለየት ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ መልሱ ያለው ስልክ በመደወል ነው፤ መስመር ካለ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የመንገድ ጉዳይ ከሆነ በዚያው ቀን የመጣ ሹፌር ወይም የመናኸሪያ ሰው ይጠየቅ። አጠቃላይ ዜና በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይታይ። ከመኝታ በፊት ባለው ሰዓት አይሁን። በመካከል እጅ ሲሄድ «ይህን አሁን ባውቅ ዛሬ የማደርገው የተለየ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። ካለ ይታይ። ከሌለ እስከ ሰዓቱ ይቆይ።

አስቸኳይ ጥሪ እንዳያመልጥ ስልኩ ላይ አትረብሽ የሚለውን አብርተው የቤተሰብ ስልኮችን በኮከብ ምልክት ያድርጉባቸው፤ የእነሱ ጥሪ ያልፋል። አንድሮይድ ላይ ተደጋጋሚ ጥሪ የሚለውን ከፈቀዱ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲደውል ስልኩ ይጮኻል። ለዘመድ ሁሉ «አስቸኳይ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ» ብሎ መንገር ነው።

መለካት

አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ላይ ዲጂታል ዌልቢይንግ የሚለው ክፍል ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ፤ የተጠቀሙበት ሰዓትና ስልኩን የከፈቱበት ብዛት። አብዛኛው ሰው ሰዓቱን ብቻ ያያል። እኛ ሁለተኛውን እናስቀድማለን፤ ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ የሚናገረው እሱ ነው። ምንም ሳይለውጡ የአንድ ሳምንት ቁጥር ይመዝግቡ፤ እሑድ ማታ፣ በወረቀት። ከዚያ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ መጀመሪያ ማሳወቂያውን፣ ቀጥሎ የስልኩን ማደሪያ፣ ቀጥሎ የዜናውን ሰዓት። ሁሉን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም፤ ሲደክመውም ሁሉን አንድ ላይ ይተዋል።

የተከፈተበት ብዛት ቀንሶ ሰዓቱ ካልቀነሰ ችግሩ ረጅም ቪዲዮ ነው፤ የአፑ ገደብ ይጥበቅ። ሰዓቱ ቀንሶ ብዛቱ ካልቀነሰ እጅ በልማድ እየሄደ ነው፤ የስልኩ ቦታ ይራቅ። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ የአፖቹን ዝርዝር ይክፈቱና ከላይ ያለውን አንዱን ብቻ ይያዙ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እሱ ነው።